ጳጉሜን የማያውቅ ማሽን

በዚህ ላቦራቶሪ የሚፈራው መብራት ሲሄድ አይደለም፤ ሲመጣ ነው።

ረፋዱ ላይ አምፖሎቹ ድርግም አሉና የማሽኖቹ ጉርምርምታ እየሳሳ ሄዶ ጸጥ አለ። ክፍሉ ውስጥ ከነበሩት መካከል ‹‹መብራት ሄደ›› ያለ የለም። ሁሉም ድርሻውን ያውቃል። አንዲት የማስተርስ ተማሪ ጓንቷን ሳታወልቅ ወደ ጥግ ሄዳ ሁለት ሶኬት ነቀለች። ሌላው ኮምፒውተሩ ላይ የጀመረውን ሥራ በጥድፊያ ሴቭ ያደርጋል፤ የዩፒኤሱ ባትሪ አርጅቷል፣ መጮህ ከጀመረ ብዙ አይቆይም። ጸጉራቸው የሸበተው ቴክኒሽያን ደግሞ ወደ ኮሪደሩ መጨረሻ ሄደው ቁም ሣጥን የሚያህለውን ፍሪዘር አጠፉት። መብራት የሌለውን ዕቃ ምን ያጠፉታል ብዬ ጠየቅኳቸው።

‹‹ሲመጣ በርቶ እንዳያገኘው ነዋ›› አሉኝ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፍሪዘር የሚያቀዘቅዘው ኮምፕረሰር የሚባለው ሞተር ጋዝ እየጨመቀ በቱቦ ስለሚያዞር ነው። ሞተሩ ድንገት ሲቆም በአንደኛው ወገን የታመቀው ጋዝ ወዲያው አይረግብም፤ ግፊቱ በሁለቱም በኩል እኩል እስኪሆን ደቂቃዎች ይፈልጋል። በዚህ መሃል መብራቱ ከመጣ ሞተሩ ያን ሁሉ ግፊት ተሸክሞ ለመነሳት ይታገላል፤ ከልኩ በላይ ከረንት ይስባል፤ ሽቦው ይግላል። መብራቱም ቢሆን ሲመለስ 220 ቮልት ሆኖ ቀጥ ብሎ አይገባም። ሰፈሩ በሙሉ በአንድ ጊዜ መሳብ ስለሚጀምር ወርዶ ይመጣል፣ ከዚያ ይዘላል፣ አንዳንዴም ብልጭ ብሎ ተመልሶ ይጠፋል። እንዲህ ያለው ነገር የተደጋገመበት ኮምፕረሰር መቃጠሉ አይቀርም። ስለዚህ ቴክኒሽያኑ መብራቱ መጥቶ እስኪረጋጋ ጠብቀው፣ የስታቢላይዘሩን መርፌ አይተው ነው ፍሪዘሩን መልሰው የሚያበሩት። እስከዚያ በሩን የሚነካ የለም። በሩ ላይ በፕላስተር የተለጠፈው ወረቀት ‹‹መብራት በሌለበት ሰዓት መክፈት ክልክል ነው›› ይላል፤ ‹‹ክልክል›› የሚለው ቃል ሥር ሁለት ጊዜ ተሰምሯል።

ፍሪዘሩ ውስጥ ያለው ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ላይ የተቀመጠ የእንሰት ቅጠል፣ ከታመመ እንሰት የተገኘ ባክቴሪያና ዲኤንኤ ነው። የናሙናዎቹ ባለቤት በአዲስ አበባ በሚገኝ አንድ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕይወት ፕሮፌሰር ናቸው። ስማቸውም የዩኒቨርሲቲው ስምም እንዳይጠቀስ ጠይቀውኛል። ‹‹እኔ ስለ ዕቃ ነው የማወራው፤ ሰው ስለ መሥሪያ ቤት ያወራሁ ይመስለዋል›› አሉ። ተማሪዎቻቸው ‹‹ፕሮፍ›› ይሏቸዋል። ቴክኒሽያኑ ግን ፕሮፌሰር ከሆኑ በኋላም ‹‹ዶክተር›› ማለታቸውን አልተዉም፤ እሳቸውም ‹‹ጋሼ›› ነው የሚሏቸው።

የሚያጠኑት የእንሰት አጠውልግ በሽታን ነው። እንሰት በደቡቡ የአገራችን ክፍል ወደ 20 ሚሊዮን ለሚጠጋ ሕዝብ ቆጮና ቡላ የሚሆን፣ ድርቅ ሲመጣ የሚደረስበት ተክል ነው። በሽታው የሚመጣው በባክቴሪያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1968 ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በሳይንሳዊ መጽሔት ገልጸውታል። እ.ኤ.አ. በ2001 ኡጋንዳ ውስጥ በሙዝ ላይ ታየ። መድኃኒት የለውም። ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው በዋናነት የሚሻገረው ገበሬው በሚቆርጥበት ቢላ ነው። እንግዲህ አንድ የታመመ ቅጠል ከማሳ ተቆርጦ፣ አዲስ አበባ መጥቶ፣ ዲኤንኤው ወጥቶ፣ ‹‹ይህ ባክቴሪያ አለበት ወይስ የለበትም?›› የሚለው መልስ ወደ ገበሬው እስኪመለስ ድረስ ያለው መንገድ ነው የፕሮፌሰሯ ሥራ። መንገዱ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር በማሽን የተሞላ ነው።

ተማሪዋ ከነቀለቻቸው ሶኬቶች አንዱ የፒሲአር ማሽኑ ነበር። ከኮቪድ ወዲህ ፒሲአር የሚለውን ቃል ያልሰማ የለም፤ ምን እንደሚሠራ የጠየቀ ግን ብዙ አይደለም። ማሽኑ ትንንሽ የላስቲክ ብልቃጦችን ያሞቃል፣ ያበርዳል፣ መልሶ ያሞቃል። 95 ዲግሪ ሲደርስ የዲኤንኤው ሁለት ክሮች ይለያያሉ፤ ወደ 60 ዲግሪ አካባቢ ሲወርድ የሚፈለገውን ቦታ የሚያመለክቱት አጫጭር ቁራጮች ይጣበቃሉ፤ በ72 ዲግሪ ኢንዛይሙ የጎደለውን ክር ይሠራል። አንድ ዙር በተጠናቀቀ ቁጥር አንዱ ሁለት ይሆናል። 30 ዙር ከሄደ ከአንድ ቅንጣት ተነስቶ ከ1 ቢሊዮን በላይ ቅጂ ይገኛል ማለት ነው። ካሪ ሙሊስ የተባለው አሜሪካዊ ኬሚስት ሐሳቡን ያመነጨው እ.ኤ.አ. በ1983 ሲሆን በ1993 የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል።

ሁሉም ነገር በሰከንድና በዲግሪ ተለክቶ የተቀመጠ ነው፤ መቋረጥ ግን በስሌቱ ውስጥ የለም። አንዳንዱ ማሽን መብራት ሲመጣ ካቆመበት ይቀጥላል። ቢቀጥልም ተማሪዋ ውጤቱን አታምነውም፤ ብልቃጦቹ በመሃል በክፍሉ ሙቀት ተቀምጠው ምን ከምን ጋር እንደተጣበቀ ማን ያውቃል? ትደፋዋለች። የምትደፋው ውኃ አይደለም። ኢንዛይሙ ከውጭ አገር በዶላር የሚገዛ፣ ከዜሮ በታች 78 ዲግሪ በሆነ ደረቅ በረዶ ታሽጎ በአውሮፕላን የሚመጣ ነው። ደረቅ በረዶ አይቀልጥም፤ እንዳለ ጋዝ ሆኖ ይተናል። ጉምሩክ ላይ አንድ ፊርማ እየተጠበቀ ጥቂት ቀን ካደረ የሚደርሰው ባዶ ካርቶንና ለብ ያለ ብልቃጥ ነው። ዶላሩ ራሱ የት አለ? በባንክ 57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው፣ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። የምርምር በጀቱ ግን ቀድሞ በብር የጸደቀ ነበር።

በፊዚክስ ሊቃውንት ዘንድ ስለ ቮልፍጋንግ ፓውሊ የሚተረክ አንድ ቀልድ አለ። ፓውሊ እ.ኤ.አ. የ1945 የኖቤል ተሸላሚ፣ በሐሳብ ሥራ ወደር የሌለው ሰው ነበር። ታዲያ እሱ የገባበት ላቦራቶሪ ዕቃ ይሰበራል ይባል ነበር። ወዳጁ ኦቶ ሽቴርን ሐምቡርግ በሚገኘው ላቦራቶሪው እንዳይገባ ከልክሎት ነበር ይባላል። አንድ ቀን ጎቲንገን ውስጥ በጄምስ ፍራንክ ላቦራቶሪ አንድ መሣሪያ ያለ ምክንያት ተበላሸ። ፓውሊ እኮ እዚህ የለም ብለው ሲገረሙ፣ ለካ በዚያች ሰዓት የተሳፈረበት ባቡር ጎቲንገን ጣቢያ ቆሞ ነበር። ታሪኩን ለተማሪዎቹ ብነግራቸው ሳቁና አንደኛው ‹‹እኛ ጋ ፓውሊ አያስፈልግም›› አለ።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ይመስለኛል። የጎቲንገን ሰዎች ዕቃ ሲበላሽ የሚስቁት መበላሸቱ እንግዳ ነገር ስለሆነባቸው ነው። እዚህ ግን መበላሸት የሥራው አካል ነው። ስለ ቴክኖሎጂ የሚያማርር ምሁር ሲነሳ በብዙዎቻችን ዓይነ ሕሊና የሚመጣው አዲስ ነገር የከበደው ሽማግሌ ነው፤ ሪሞት ኮንትሮሉን ገልብጦ የያዘ። እኚህ ሴትዮ ግን ኮምፒውተር የማያውቁ አይደሉም። የዲኤንኤ መረጃ የሚተነትኑበትን ፕሮግራም የሚጽፉት ራሳቸው ናቸው። የሚያናድዳቸው አለማወቃቸው ሳይሆን በጣም ማወቃቸው ነው።

‹‹ይህን ማሽን የሠራው መሐንዲስ ሲሠራው አንድ ሰው አስቦ ነው›› አሉኝ። ‹‹ያ ሰው መብራት አይሄድበትም። መለዋወጫ ሲፈልግ በማግስቱ ይደርሰዋል። ሲበላሽበት ስልክ ይደውላል፣ ባለሙያ ይመጣል። አባቱን ሳይሆን ራሱን የሚጠራበት የቤተሰብ ስም አለው። ዓመቱ 12 ወር ነው። እኔ በየቀኑ የምውለው ያንን ሰው መስዬ ነው።››

ኮሪደሩ ላይ በፕላስቲክ የተሸፈነ አንድ ማሽን አለ። ክሮማቶግራፍ ይባላል፤ ድብልቅን ወደየንጥረ ነገሩ የሚለይ መሣሪያ ነው። ከውጭ አገር በእርዳታ የመጣ ነው። አሁን የፈተና ወረቀት የታጨቀባቸው ካርቶኖች ተደርድረውበታል። ከማሽኑ ጋር የመጣው ኮምፒውተር ዊንዶውስ ኤክስፒ ነው፤ የማሽኑ ሶፍትዌር በሌላ አይሠራም። ለኤክስፒ የሚደረገው ድጋፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2014 አብቅቷል። ስለዚህ ኮምፒውተሩን ኢንተርኔት ላይ መሰካት አደጋ ነው። መረጃው በፍላሽ ይወጣ ነበር፤ ፍላሹ ደግሞ ከፎቶ ኮፒ ቤት ቫይረስ ይዞ ይመለሳል። በመጨረሻ ሶፍትዌሩን የሚከፍተው፣ አውራ ጣት የሚያህለው የፈቃድ ቁልፍ በቫይረስ ሳይሆን በእርጅና ሞተ። አምራቹ ያንን ሞዴል ማምረት አቁሟል። ማሽኑ ራሱ ጤነኛ ነው። አንዲት ቁልፍ ስለሞተች ነው የተቀመጠው።

ይጣል ቢባልም አይጣልም። በሞዴል 19 የገባ ንብረት ነው፤ መለያ ቁጥሩ ጎኑ ላይ ተለጥፏል። ለማስወገድ ኮሚቴ መሰየም አለበት፤ ኮሚቴው ደግሞ ማሽኑ ‹‹የማይሠራ›› ስለመሆኑ የባለሙያ ማረጋገጫ ይጠይቃል፤ ማረጋገጫውን መስጠት የሚችለው ባለሙያ ቢኖር ኖሮ ማሽኑ ባልተቀመጠ ነበር። ቴክኒሽያኑ ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው ውስጥ ቅሬታ አልነበረም፤ አንድን የታወቀ የተፈጥሮ ሕግ እንደሚያስረዳ ሰው ነበር የሚናገሩት።

የዚህ ኮሪደር ታሪክ ብቻውን የቆመ አይደለም። ፔሪና ማልኪን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ጥናት በ16 ታዳጊ አገሮች የሚገኙ ከ112 ሺህ በላይ የሕክምና መሣሪያዎችን መዝገብ አገላብጠው ነበር፤ 38 በመቶ ያህሉ አገልግሎት አይሰጥም ነበር። ምክንያት ብለው ያስቀመጡት የሠለጠነ ሰው ማነስን፣ የአያያዝ ጉድለትንና የመሠረተ ልማት ችግርን ነው። የተቆጠሩት የሆስፒታል ዕቃዎች ናቸው፤ የዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ የሚለይበትን ምክንያት ግን አላየሁም።

ፕሮፌሰሯን ከሁሉ በላይ ያስጨነቃቸው ጉዳይ ታዲያ መብራትም ማሽንም አልነበረም። አንድ የሠንጠረዥ ፋይል ነበር።

ናሙና የሚሰበስቡት ልጆች በየወረዳው ሲዞሩ የሰበሰቡበትን ቀን ይጽፋሉ፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ እንደለመዱት፣ ቀን ከዚያ ወር ከዚያ ዓመት። ጳጉሜን 5 ቀን 2015 ዓ.ም. የተሰበሰበ ቅጠል ‹‹5/13/2015›› ተብሎ ተመዘገበ። ወረቀቱ ላይ ትክክል ነው፤ 13ኛ ወር ያለን እኛ ነን። ኮምፒውተሩ ግን የተቀመጠው በአሜሪካ አቀማመጥ ነበር፤ በዚያ ደግሞ ወር ይቀድማል። ‹‹5/13/2015›› ሲያይ ምንም አልተደናገረም። ሜይ 13፣ 2015 አለና መዘገበ። ቅጠሉ በእርግጥ የተቆረጠው በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 10 ቀን 2023 ነው። ከ8 ዓመት በላይ ወደ ኋላ ሄደ፣ ከክረምት መውጫ ወደ በልግ ተዛወረ፤ አንድም የስህተት መልእክት አልመጣም።

ስክሪኑን ወደ እኔ አዞሩልኝ። የቀኑ ዓምድ ውስጥ ግማሹ ጽሑፍ ወደ ግራ ተጠግቷል፤ ግማሹ ወደ ቀኝ። ‹‹ይኼን አየህ? በቀኝ ያሉት የተታለሉት ናቸው›› አሉኝ። ፕሮግራሙ ቀን ነው ብሎ የተቀበለውን ወደ ቀኝ ያስጠጋል፣ ያልገባውን እንደ ተራ ጽሑፍ በግራ ይተወዋል። ነሐሴ 20 ቀን ‹‹20/12/2015›› ተብሎ ስለተጻፈ ድኗል፤ 20ኛ የሚባል ወር የለማ። ነሐሴ 5 ቀን ግን ‹‹5/12/2015›› በመሆኑ ሜይ 12 ሆኖ ተመዘገበ። በአጭሩ ከወሩ እስከ 12 ባሉት ቀናት የተሰበሰበ ሁሉ ይሳሳታል፣ ከ13 ወዲያ ያለው ይተርፋል። ጳጉሜን ደግሞ ከ6 ቀን ስለማታልፍ ከእሷ አንድም ቀን አያመልጥም። ‹‹በሽታው ጳጉሜን ላይ ለምን እንደጠፋ የሚያስረዳ ጽሑፍ ልንጽፍ ምንም አልቀረንም ነበር›› አሉና ሳቁ። ሳቃቸው ግን ቶሎ ነው ያቆመው።

ይህ የጳጉሜን ችግር የእኛ ቢሆንም የሠንጠረዡ በሽታ ዓለም አቀፍ ነው። የሰው ልጅ ዘረ መሎች አጫጭር መጠሪያ አላቸው። ከእነዚህ መካከል ‹‹ሴፕት 1›› እና ‹‹ማርች 1›› የሚባሉ ነበሩ። ኤክሴል ውስጥ ሲጻፉ ሴፕቴምበር 1 እና ማርች 1 ይሆናሉ። ችግሩ በጽሑፍ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። በ2016 ዚማን የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ የዘረ መል ዝርዝር በኤክሴል ያያያዙ የምርምር ጽሑፎችን ቢፈትሹ ከአምስቱ አንዱ ገደማ እንዲህ የተበላሸ ስም ተገኘበት። ስያሜውን የሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ኮሚቴ በ2020 ምን አደረገ? ፕሮግራሙ እስኪስተካከል አልጠበቀም፤ የዘረ መሎቹን ስም ቀየረ። ‹‹ሴፕት 1›› ‹‹ሴፕቲን 1›› ተባለ። ማይክሮሶፍት ይህን ራስ ሰር ለውጥ ማጥፊያ ምርጫ ያስገባው በ2023 ነው። የሥነ ሕይወት ሳይንስ ለሒሳብ ሠራተኛ ተብሎ ለተሠራ ሠንጠረዥ ስሙን የቀየረበት ታሪክ ይገርመኛል። እንግሊዝም አልዳነችም። እ.ኤ.አ. በ2020 ወደ 16 ሺህ የሚጠጉ የኮቪድ ታማሚዎች ከዕለታዊ ሪፖርት ወጥተው ነበር፤ ምክንያቱ አሮጌው የኤክሴል ፋይል ዓይነት ከ65,536 ረድፍ በላይ ስለማይይዝ ነው።

አሁን በፕሮፌሰሯ ላቦራቶሪ ቀን በሦስት ዓምድ ይጻፋል፤ ቀን ለብቻ፣ ወር ለብቻ፣ ዓመት ለብቻ። ወሩ በቁጥር አይጻፍም፤ ‹‹ጳጉሜን›› ተብሎ በፊደል ነው። ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር የሚመልሰውን ፕሮግራም ራሳቸው ጽፈውታል። አጭር ነው፤ ዋናው ፈተናው በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን 6 መሆኗን አለመርሳት ነበር።

ስም ሌላው ጣጣ ነው። ጽሑፍ ለመጽሔት ሲልኩ ፎርሙ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል። ባዶ መተው አይፈቅድም። የአባት ስም ይገባል፤ ከዚያ በኋላ በዓለም ላይ የሚጠቀሱት በእሳቸው ስም ሳይሆን በአባታቸው ነው። የአባታቸው ስም ሁለት ቃል ከሆነ ደግሞ ይባስ። ገብረ እግዚአብሔር የሚባል አባት ያለው ተመራማሪ በማጣቀሻ ዝርዝር ‹‹እግዚአብሔር፣ ገ.›› ሆኖ ሊወጣ ይችላል፤ ይህን የመሰለ ደራሲ ጽሑፉን ገምግሙ ቢሏችሁ ምን ትላላችሁ? እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ኦርኪድ የሚባል ለእያንዳንዱ ተመራማሪ 16 አኃዝ የሚሰጥ ሥርዓት አለ። ፕሮፌሰሯ ቁጥራቸውን በቃላቸው ይዘውታል። ‹‹ከስሜ ይልቅ እሱ ነው እኔ›› ይላሉ።

ይለፍ ቃልስ? በየ90 ቀኑ ቀይሩ፣ ትልቅ ፊደል አስገቡ፣ ምልክት ጨምሩ። ይህን ሕግ እ.ኤ.አ. በ2003 ለአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም የጻፈው ቢል በር የተባለ ባለሙያ ከዓመታት በኋላ በ2017 እንደተጸጸተበት ለጋዜጣ ተናግሯል፤ ተቋሙም በዚያው ዓመት በየጊዜው ማስቀየሩን አትጠይቁ ብሏል። ሕጉ ግን የጻፈው ሰው ከተጸጸተበት በኋላም ይኖራል። በጠረጴዛቸው መሳቢያ ውስጥ በእርሳስ የተጻፈ ደብተር አይቻለሁ፤ ምን እንዳለበት አልጠየቅኩም።

ከሰዓት በኋላ አንድ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ወደ ቢሮ ገባ። የላቦራቶሪ ሪፖርቱ በማጣሪያ ፕሮግራም ተፈትሾ ‹‹በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የተጻፈ›› ተብሎበታል። ልጁ ወንበር ተሰጥቶት አልተቀመጠም። ፕሮፌሰሯ የፕሮግራሙን ወረቀት ገልብጠው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡና ‹‹መለኪያህን እንዴት ነው ያስተካከልከው?›› ብለው ጠየቁት። ልጁ መናገር ጀመረ። መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ተንተባተበ፤ ‹‹በአማርኛ ንገረኝ›› አሉት። ከዚያ በኋላ ያቆመው አልነበረም። የትኛው ብልቃጥ ላይ እንደተሳሳተና ለምን ሁለተኛ እንደደገመ ሳይቀር ተረከ። በራሱ እጅ የሠራው ሰው ካልሆነ የማያውቀው ዝርዝር ነበር።

እነዚህን ማጣሪያዎች በሚመለከት ያለኝ አስተያየት ጠንከር ያለ ነው። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጡት ጥናት፣ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች ለቶፍል ፈተና የጻፏቸውን 91 ድርሰቶች ለሰባት ማጣሪያዎች ቢሰጡ በአማካይ ከግማሽ በላዩን ‹‹ማሽን የጻፈው ነው›› ብለዋል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ማጣሪያዎቹ የሚመዝኑት የቃላቱን ተገማችነት ነው፤ በሁለተኛ ቋንቋው የሚጽፍ ሰው ደግሞ የሚያውቃቸውን ቃላት በሚያውቀው ቅደም ተከተል ነው የሚጠቀመው። ቻት ጂፒቲን የሠራው ኩባንያ ራሱ ማጣሪያውን ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ ነው ብሎ በ2023 አንስቶታል። ታዲያ በእንግሊዝኛ የሚማር፣ በአማርኛ ወይም በሲዳምኛ የሚያስብ የአገራችን ተማሪ በዚህ ወንፊት ሲጣራ ምን ይተርፋል? ፕሮፌሰሯ የመረጡት መንገድ አሮጌ ነው። ሪፖርት ካስረከበ በኋላ እያንዳንዱ ተማሪ ፊታቸው ቆሞ ይጠየቃል፤ የቅኔ መምህሩ ተማሪውን እንደሚያስዘርፉት። ጊዜ ይበላል። ክፍሉ ውስጥ 70 ተማሪ ሲኖር በጣም ጊዜ ይበላል።

ሁሉም ነገር ግን አይበላሽም። ስልካቸው ሲጮህ አይተው ፊታቸው ፈካ። ከጌዴኦ ዞን አንድ የልማት ሠራተኛ በቴሌግራም ፎቶ ልኮላቸው ነበር፤ መሃሉ የጠወለገ፣ ጫፉ ቢጫ የሆነ የእንሰት ቅጠል፣ ከጎኑ ለመጠን መለኪያ የተቀመጠ የአንድ ብር ሳንቲም። ሥሩ ላይ በግዕዝ ፊደል አራት መስመር ማብራሪያ ተጽፏል። ‹‹ይኼ ነገር ይሠራል›› አሉኝ። ‹‹ለምን እንደሚሠራ ታውቃለህ? ስለማይጣደፍ ነው። ኔትወርክ ከሌለ ይጠብቃል፣ ሲመጣ ይልካል። ባትሪ አለው። ፊደላችንንም ያውቃል።››

ፊደላችንን ማወቁ ቀላል ነገር አይደለም። ግዕዝ ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት ኮምፒውተሮች ለአንድ ፎንት የሚሰጡት ቦታ 256 ብቻ ስለነበር ከዚያ የሚበልጡት ፊደሎቻችን አይበቃቸውም ነበር፤ ፎንት ሠሪው ሁሉ በየራሱ ዘዴ ያጨናንቃቸው ነበር። ከአንዱ ፎንት ወደ ሌላው የተላከ ደብዳቤ የማይነበብ የላቲን ምልክት ክምር ሆኖ ይከፈታል። ፕሮፌሰሯ የመጀመሪያ የመስክ ማስታወሻቸውን የያዘ ዲስክ አሁንም አላቸው። ማንበቢያው ተገኝቶ ቢከፈት እንኳ ፎንቱ የለም።

መቋረጥን የሚችል ዕቃ በላቦራቶሪው ዓለምም ብቅ ብቅ እያለ ነው። ኦክስፎርድ ናኖፖር የተባለው ኩባንያ የሠራው ሚንአዮን የተሰኘ የዲኤንኤ ማንበቢያ ሲወጣ 100 ግራም እንኳ አይመዝንም ነበር፤ ኃይሉን ከላፕቶፕ በዩኤስቢ ይወስዳል። እ.ኤ.አ. በ2015 ተመራማሪዎች በሻንጣ ይዘውት ጊኒ ገብተው የኢቦላን ቫይረስ እዚያው አንብበውበታል፤ በኋላ ያወጡት ጽሑፍ የ142 ናሙናዎችን ውጤት ይዟል። ያም ሆኖ መረጃውን ለመተንተን በዚያን ጊዜ ኢንተርኔት ያስፈልግ ነበር፤ የሚነበብበት ካርድም ቀዝቃዛ ቦታ ይፈልጋል፣ የአገልግሎት ዘመኑም አጭር ነው። ፕሮፌሰሯ ስለዚህ ዕቃ ሲያወሩ ዓይናቸው ይበራል፤ ጉምሩክ የሚለው ቃል ሲነሳ መልሶ ይደበዝዛል።

ልወጣ ስል ኢሜይላቸውን ከፍተው አንድ ነገር አሳዩኝ። ከውጭ አገር አንድ ዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪውን ሊያድስ ስለሆነ ያገለገለ ግን ጥሩ የሆነ ሴንትሪፊዩጅ (ናሙና እያሽከረከረ የሚለይ ማሽን) በነጻ እንሰጣችኋለን ይላል። ማጓጓዣው ብቻ በእናንተ። ደብዳቤው ትሕትና የተሞላበት ነው። እሳቸውም በትሕትና መልሰው አራት ጥያቄ ልከዋል፦ የሚሠራው በስንት ቮልት ነው? ሶፍትዌር ካለው የፈቃድ ቁልፉ አብሮ ይመጣል? መለዋወጫው እስከ መቼ ይመረታል? ሲበላሽ የምንደውለው ለማን ነው?

መልሱ ያን ዕለት ጠዋት ገብቷል። ሦስቱን ጥያቄዎች ለሚመለከተው ክፍል አስተላልፈናል ይላል። ለመጀመሪያው ጥያቄ ግን መልስ አለው፤ 120 ቮልት።